ልጅን ከመኪና ጭስ እያራቁ በእግር ትምህርት ቤት ማድረስ፦ ደረጃ በደረጃ

«መንገዱ ጭስ በጭስ ነው፤ ልጄን በእግሯ ላድርሳት ወይስ በመኪና ልውሰዳት?» ይህን ጥያቄ በየጊዜው እጠየቃለሁ። መልሱን ሳልጨርስ «እሺ፣ የትኛውን ማስክ ልግዛላት?» ይከተላል። ለእያንዳንዱ ሰው ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ ሁሉንም አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። መንገዱ ከመኪና አደጋ የተጠበቀ ከሆነ በእግር ሂዱ። የማስኩን ነገር ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ የምትሄዱበትን መንገድ ቀይሩ። እሱ ካልተቻለ የመንገዱን ዳር ቀይሩ። ቀጥሎ ሰዓቱን። ጭስ ክፉ የሚሆነው ከማርሚታ እንደወጣ ነው። ከዚያ ከአየር ጋር እየተቀላቀለ ይሳሳል። ከትልቅ ጎዳና 300 ሜትር ያህል ስትርቁ ከጎዳናው የሚመጣው ጭስ አብዛኛው ተበትኗል። 300 ሜትር ባታገኙም ከአስፋልቱ ጠርዝ ሁለት ሜትር ገባ ማለት ራሱ ለውጥ አለው። ርቀት ደግሞ በነጻ ነው።

ልጅ ላይ ለምን ይብሳል?

ልጅ ማለት ቁመቱ ያጠረ አዋቂ ማለት አይደለም። የሚከተሉትን ካላወቃችሁ ከታች ያሉት ደረጃዎች የጭንቀት ብዛት ይመስሏችኋል።

አንደኛ፣ ቁመቱ። የአብዛኛው መኪና ጭስ ማውጫ ከጉልበት በታች ነው። ጭሱ ሳይሳሳ የሚቆየው ከመሬት እስከ 1 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ ነው። የትንሽ ልጅ አፍንጫም፣ ጋሪ ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ፊትም እዚያው ነው ያለው። እናንተ ቆማችሁ «ዛሬ እንኳ ደህና ነው» የምትሉት አየር እታች ሌላ ነው። አንድ ቀን አስፋልት ዳር በልጃችሁ ቁመት ልክ ቁጢጥ ብላችሁ ሞክሩት።

ሁለተኛ፣ አተነፋፈሱ። ልጅ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል። ይሮጣል፣ ያወራል፣ በአፉ ይተነፍሳል። አፍንጫ የሚያስቀረውን ብናኝ አፍ አያስቀረውም።

ሦስተኛ፣ ሳምባው ገና እያደገ ነው። አእምሮውም እንደዚያው። ባርሴሎና ውስጥ ከ7 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ባላቸው፣ በእግራቸው ትምህርት ቤት በሚሄዱ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። መንገዳቸው ላይ ብዙ ደቂቅ ብናኝና ጥቀርሻ የሚያጋጥማቸው ልጆች ነገር በአእምሮ ይዞ የመሥራት ችሎታቸው እድገት ዘገምተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ጭስ ስል በዋናነት ሁለት ነገር ማለቴ ነው። አንዱ ደቂቅ ብናኝ ነው። ፒኤም 2.5 የሚባለው ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር መሆኑን አስቡ። ከማርሚታ በቀጥታ የሚወጣው ደግሞ ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው። ሌላው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፣ አስምንም ይቀሰቅሳል። ሁለቱ ስለሚለያዩ አንዱን የሚያስቀር ዘዴ ሌላውን ላያስቀር ይችላል። ማስኩ ጋ ስንደርስ ይህ ያስፈልገናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካርታ። ስልክ ላይ ያለው ይበቃል፤ በእጅ የተሣለም ይሆናል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።
- ሰዓት።
- አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቀጭን የልብስ ስፌት ክር። አትናቁት፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።
- ካገኛችሁ ብቻ፣ በእጅ የሚያዝ የፒኤም 2.5 መለኪያ። ተውሳችሁ ወይም ከሌሎች ወላጆች ጋር ተካፍላችሁ ብትጠቀሙበት ይሻላል። ሥራው የጥቂት ቀን ነውና።
- አስም ላለበት ልጅ ሐኪም ያዘዘለት የሚነፋ መድኃኒት። ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በቀላሉ እጅ የሚገባበት ቦታ ይሁን።

ከመነሣታችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

የመኪና አደጋ ከጭስ ይቀድማል። ጭሱ የቀነሰ፣ ግን እግረኛ መንገድ የሌለው፣ መታጠፊያው የማይታይ ወይም ጭር ያለ መንገድ ከሆነ ይቅርባችሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማስክ አታድርጉ። የሕፃን ጋሪንም በብርድ ልብስ ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑ። ውስጡ ቶሎ ይግላል፣ አየርም አይዘዋወርም።

ልጃችሁ በመንገድ ላይ ወይም ከደረሰ በኋላ የሚያስለው፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ መንገድ መቀየር ሕክምናን አይተካም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ደረጃ 1፦ ያሉትን መንገዶች ሁሉ ካርታ ላይ አስምሩ

ሁልጊዜ የምትሄዱበትን አንድ መንገድ ብቻ አታስቡ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሚያደርሱትን ውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ በሜዳ ወይም በመናፈሻ የሚያቋርጡትን፣ የትምህርት ቤቱን ሌሎች በሮች ጭምር አስምሩ። ሦስት ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ስልክ የሚመራችሁ በአጭሩ መንገድ ነው። አጭሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናውን ጎዳና ይዞ የሚሄደው ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በ2019 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ 250 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መለኪያ የተገጠመለት ቦርሳ ተሸክመው ትምህርት ቤት ሲመላለሱ ከርመዋል። በዋና ጎዳና የሄዱት በውስጥ ለውስጥ ከሄዱት ጋር ሲነጻጸሩ ሲሶ ያህል የበለጠ ብክለት አግኝቷቸዋል። አንድ ብሎክ ገባ ማለት ያንን ያህል ያመጣል።

መንገዱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ካልቻላችሁ ግማሹን ቀይሩ። ዋናውን ጎዳና ለ10 ደቂቃ ከመከተል ለ3 ደቂቃ መከተል ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 2፦ በትክክለኛው ሰዓት ሄዳችሁ ቁጠሩ

ቅዳሜና እሁድ ወይም ከሰዓት በኋላ ሄዶ ማየት ዋጋ የለውም። ልጁ በሚሄድበት ሰዓት፣ በትምህርት ቀን ሂዱ። በየመንገዱ መሐል ላይ 5 ደቂቃ ቁሙ። ወረቀቱ ላይ አራት ዓምድ ሥሩ፦ ትንሽ መኪና፣ ከባድ መኪናና አውቶቡስ፣ ሞተር ሳይክል፣ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ። ያለፈውን ሁሉ በጭረት መዝግቡ።

ከዚያ ድምሩን ሳይሆን ሁለተኛውንና አራተኛውን ዓምድ እዩ። አሮጌ የናፍጣ ከባድ መኪና አንዱ ብቻውን የብዙ ትንንሽ መኪና ጥቀርሻ ይተፋል። ሰልፍ ይዞ የቆመ መኪናም ጭሱን አንድ ቦታ ይከምረዋል እንጂ ይዞት አይሄድም። 40 መኪና ሳይቆም የሚያልፍበት መንገድ 25 መኪና ተጨናንቆ ከሚያጓራበት ሊሻል ይችላል።

እግረ መንገዳችሁን ግድግዳና ቅጠል ዳሱ። ጣታችሁ ላይ የቀረው የአፈር መልክ ካለው አቧራ ነው። ጥቁርና ቅባት ቅባት የሚል፣ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ተቀብቶ የሚቀር ከሆነ ጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻ ያለበት ቦታ በየቀኑ ጭስ ያርፍበታል ማለት ነው። ካርታው ላይ ምልክት አድርጉበት። አቧራም ቢሆን ችላ አይባልም፤ ጥርጊያ መንገድ ላይ ጎማ የሚያስነሣው አቧራ ውስጥ ወደ ሳምባ የሚገባ ብናኝ አለ።

ደረጃ 3፦ ነፋሱን በክር ፈትሹ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ዳር መቀየር ብቻውን ሊጠቅማችሁ እየቻለ ያለ ምክንያት መጥፎው ዳር ላይ ትሄዳላችሁ።

ክሩን እስክሪብቶው ጫፍ ላይ እሰሩት። በልጃችሁ ፊት ቁመት ልክ ያዙት። መኪና ሲያልፍ ክሩ ይረበሻል፤ መኪና የሌለባትን ፋታ ጠብቁ። የክሩ ጫፍ ወደየት ያዘነብላል? ጭሱም ወደዚያው ነው የሚሄደው። ስለዚህ በተቃራኒው ዳር ሂዱ። ነፋሱ መጀመሪያ እናንተን ነክቶ ከዚያ ወደ አስፋልቱ የሚያልፍበት ዳር ማለት ነው። ጥቂት ቦታ ላይ ደጋግሙት። አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትወስኑ።

«ክር ለምን? ባንዲራውን አይቼ አውቀው የለ?» የሚል አይጠፋም። ግራና ቀኙ ረጃጅም ሕንጻ በተደረደረበት መንገድ ላይ ባንዲራው ያሳስታችኋል። ከጣሪያ በላይ ያለው ነፋስ ከግራ ወደ ቀኝ እየነፈሰ ነው እንበል። ነፋሱ የቀኙን ሕንጻ ይመታል፣ በግድግዳው ቁልቁል ይወርዳል፣ መሬት ሲደርስ ዞሮ ወደ ግራ ይመለሳል። የመኪናውን ጭስ ጠርጎ የሚወስደውም ወደ ግራው እግረኛ መንገድ ነው። ጣሪያ ላይ ያለውን አይቶ ግራውን የመረጠ ሰው ተሸወደ ማለት ነው። ክሩ ግን እታች ያለውን ስለሚያሳይ ሕንጻ ኖረ አልኖረ ያው ነው።

ክሩ በመንገዱ ርዝመት ከተዘረጋ ወይም ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ነፋሱ ለዳር ምርጫ አይረዳችሁም። ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

ደረጃ 4፦ የምትሄዱበትን ዳር ወስኑ

ነፋሱ ቁርጥ ያለ መልስ ከሰጣችሁ እሱን ያዙ። ካልሰጣችሁ እነዚህን እዩ፦

- አቀበት ከሆነ መኪኖች ቁልቁል በሚወርዱበት ዳር ሂዱ። አቀበት የሚወጣ መኪና ነዳጅ ተረግጦ ነው የሚወጣው፤ ጭሱም በዚያው ልክ ይወፍራል።
- ሰፊ እግረኛ መንገድ ያለውን ምረጡ። ገባ ለማለት ቦታ ይሰጣችኋል።
- ከመሬት ጀምሮ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከልጁ ራስ ከፍ የሚል አጥር ተክል ወይም ግንብ በአስፋልቱና በእግረኛው መሐል ካለ እሱን ተከተሉ። ጭሱን ወደ ላይ ያነሣዋል። ግንዱ ባዶ ሆኖ ጫፉ ብቻ የሰፋ ዛፍ ግን ጥላ ነው እንጂ አጥር አይደለም። በሕንጻ በታጠረ ጠባብ መንገድ ላይ ከሆነ ጭራሽ ጭሱ እንዳይወጣ ክዳን ሊሆንበት ይችላል።

የትኛውንም ዳር ብትመርጡ ልጁን በግድግዳው በኩል፣ ራሳችሁን በአስፋልቱ በኩል አድርጉ። ለአደጋም ለጭስም ይጠቅማል።

ደረጃ 5፦ መሻገሪያዎችን ቀንሱ፣ አቋቋማችሁንም አስተካክሉ

ከመንገዱ ሁሉ መጥፎው ቦታ መስቀለኛና አደባባይ ነው። መኪና እዚያ ይቆማል፣ ሞተሩ እየሠራ ይጠብቃል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ነዳጅ ረግጦ ይነሣል። ሲቆም ፍሬንና ጎማ ብናኝ ይረግፋሉ፣ ሲነሣ ማርሚታው ይተፋል። የምትቆሙት ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ቢሆንም ከጠቅላላው የምትስቡት ድርሻ ከደቂቃው በላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ የሚያሻግራችሁን መንገድ አንድ ጊዜ በሚያሻግር ለውጡ። ከመስቀለኛው ራቅ ያለ፣ ደህና የሆነ ዜብራ ካለ እሱን ተጠቀሙ። መብራት ስትጠብቁ ጠርዝ ላይ አትቁሙ። ሁለት ሦስት ሜትር ወደኋላ በሉና አረንጓዴ ሲበራ ቅረቡ። ልጆች ጠርዝ ላይ ለመቆም ይሽቀዳደማሉ። ይህን አንድ ልማድ ብቻ ብታስቀሩላቸው ትርፍ ነው።

የአውቶቡስ ፌርማታ ላይም ያው ነው። ከአውቶቡሱ ኋላ በኩል አትሂዱ። እስኪነሣ ቆም በሉ ወይም በግድግዳው በኩል እለፉ።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱን ጥቂት ፈቀቅ አድርጉ

ትምህርት ቤት በር አካባቢ ያለው መንገድ ደወል ሊደወል ሲል ባሉት የመጨረሻ 10 እና 15 ደቂቃዎች ይታፈናል። ከዚያ 15 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ሰልፉን ያስመልጣችኋል። በርግጥ ትምህርት ቤቱ በሩን ቀደም ብሎ የሚከፍት መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ። ቀድሞ ደርሶ የተዘጋ በር ላይ መቆም ምንም ጥቅም የለውም።

«ማልዶ መውጣት ሁልጊዜ ንጹሕ አየር ነው» ግን ትክክል አይደለም። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ጥርት ብሎ ካደረና ነፋስ ከሌለ፣ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። ጭሱ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። በእንዲህ ያለ ጠዋት ረጅሙንም ቢሆን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ምረጡ። ነፋስ ያለበት ቀን ወይም ጥሩ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ያን ያህል አትጨነቁ።

ደረጃ 7፦ መለኪያ ካላችሁ አረጋግጡ

መለኪያ ከሌላችሁ ይህን ዝለሉት። እስካሁን የሠራችሁት ይበቃል።

1. መለኪያውን ውጭ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አብሩት። ቁጥሩ ሲረጋጋ ጀምሩ።
2. በልጁ አፍ ቁመት ልክ ያዙት። ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ካስገባችሁት የሚለካው የኪሳችሁን አየር ነው።
3. ሁለቱን መንገዶች በተመሳሳይ ጠዋት፣ አከታትላችሁ ሂዱ። የከተማው አየር ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣልና የሰኞውን አንዱን መንገድ ከማክሰኞው ሌላኛው ጋር ማወዳደር አይቻልም።
4. በማግስቱ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ቢያንስ 5 የትምህርት ቀን አድርጉት።
5. አማካዩን በደቂቃው አባዙት።

አምስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዱ መንገድ 12 ደቂቃ ይፈጃል፣ አማካዩ በሜትር ኩብ 48 ማይክሮግራም ነው፤ 12 በ48 ሲባዛ 576። ሌላው 15 ደቂቃ ነው፣ አማካዩ 33፤ 15 በ33 ሲባዛ 495። ረጅሙ መንገድ ተሽሏል። አማካዩ 40 ቢሆን ኖሮ ግን 600 ይመጣና አጭሩ ይሻል ነበር። ቁጥሩን ብቻ ወይም ደቂቃውን ብቻ አይቶ መወሰን የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ርካሽ መለኪያዎች ብናኙን የሚቆጥሩት በብርሃን ስለሆነ ጭጋግና ከፍተኛ እርጥበት ላይ ከልክ በላይ ያነባሉ። ጭጋጋማ ጠዋት ላይ የለካችሁትን ጣሉት። ሌላው፣ ከማርሚታ በቀጥታ የሚወጣውን እጅግ ደቃቅ ብናኝና ጋዙን አያዩም። ከጎዳና ስትርቁ ቶሎ የሚቀንሱት ደግሞ እነሱ ናቸው። በሁለቱ መንገዶች መሐል መለኪያው የሚያሳያችሁ ልዩነት ትንሽ ቢመስል እውነተኛው ከዚያ ይሰፋል።

ቁጥሩን ከምን ጋር ላወዳድረው ለምትሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለፒኤም 2.5 የ24 ሰዓት አማካይ 15፣ የዓመት አማካይ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ይላል። ይህ የ24 ሰዓትና የዓመት ነው። መንገድ ላይ ለሁለት ደቂቃ 60 አይታችሁ አትደንግጡ። መለኪያውን መንገድ ለማወዳደር ብቻ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 8፦ ልጁን አሠልጥኑት

መንገዱን እናንተ ብቻ ካወቃችሁት ከጓደኞቹ ጋር የሄደ ዕለት ወደ ድሮው ይመለሳል። ሁለት ሦስት ቀን አብራችሁ ሂዱና ምክንያቱን ንገሩት። ክሩን ለእሱ ስጡት። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ «ዛሬ በየት በኩል ነው?» እያለ ራሱ ይጠይቃችኋል።

የአረማመዱን ነገርም አስተምሩት። ጭስ ያለበትን ቦታ በሩጫ ላምልጥ ማለት አያዋጣም። ሲሮጥ ትንፋሹ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ በአፉም ይተነፍሳል። በዚያ ቦታ በተለመደ ርምጃ፣ አፍ ዘግቶ፣ በአፍንጫ እየተነፈሱ ማለፍ ይሻላል። ሩጫውና ኳሱ ለውስጥ ለውስጡ መንገድ ይቆይ። ትንፋሽ ያዝ ማለትም አትጀምሩ፤ ከያዘው በኋላ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ይስባል፣ እሱም እዚያው ጭሱ ላይ ነው።

ጋሪ ለምትገፉ፦ ፊቱ ወደ እናንተ የዞረና ከፍ ያለ ጋሪ ይሻላል። የጋሪውን መሸፈኛ መስቀለኛና ፌርማታ ላይ ብቻ ለአጭር ጊዜ አውርዱ፣ ወዲያው መልሳችሁ ክፈቱት።

ደረጃ 9፦ በር ላይ ያለውን ጭስ ቀንሱ

መንገዱን ሁሉ ተጠንቅቃችሁ በር ላይ ሞተር ሳያጠፉ በተሰለፉ ወላጆች መሐል ከገባችሁ ልፋታችሁ ግማሹ ቀረ። ይህ ብቻችሁን የማትጨርሱት ነው።

ከሾፌሩ ጋር ስትነጋገሩ ጸብ አታስመስሉት። «ይቅርታ፣ ልጆቹ በዚህ በኩል ስለሚያልፉ ሞተሩን ለደቂቃ ቢያጠፉት?» ይበቃል። አብዛኛው ሰው ነገሩን ልብ ስላላለው ነው እንጂ ክፋት የለውም። «ደጋግሞ ማስነሣት ነዳጅ ይበላል» ካሏችሁ ለዘመናዊ ሞተር ይህ እንደማይሠራ ንገሩ፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ቆሞ ከመጠበቅ አጥፍቶ ማስነሣት ይቆጥባል።

ከትምህርት ቤቱ የምትጠይቁት ሦስት ነገር ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱም አይሠራም። በዋናው መንገድ ላይ ያለውን በር ትታችሁ የጎኑን ክፈቱልን። የወላጆች መኪና ማቆሚያውን ከበሩ ራቅ ባለ ቦታ አድርጉልን። በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ከበሩ ፊት ያለው መንገድ ለመኪና እንዲዘጋ ከሚመለከተው ጋር ተነጋገሩልን። ሦስተኛው የማይሆን ሊመስላችሁ ይችላል። ለንደን ውስጥ በዚህ መንገድ በተዘጉ መንገዶች ላይ በጠዋት መግቢያ ሰዓት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ እስከ 23 በመቶ ቀንሶ ተለክቷል። በደረጃ 2 የሞላችሁትን የቆጠራ ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አያይዙት። ከምሬት ይልቅ ቁጥር ይሰማል።

ደረጃ 10፦ አሁን ማስኩ

እስካሁን ያለውን ሠርታችሁ የማይቀር ጭስ ያለበት መንገድ ከቀራችሁ ማስክ ይጨምርላችኋል። ግን ማንኛውም ማስክ አይደለም። የጨርቅና ቀዶ ሐኪም የሚያደርገው ዓይነት ማስክ በጎን በኩል ክፍት ስለሆነ ደቃቁን ብናኝ በደንብ አያስቀርም። ኤን 95፣ ኤፍኤፍፒ 2 ወይም ኬኤፍ 94 የሚል ደረጃ ያለው፣ ለልጅ ፊት የሚሆን መጠን መሆን አለበት። የአዋቂን ማስክ ላስቲኩን ቋጥሮ ለልጅ ማድረግ ማስክ አደረገ አያሰኝም።

ልኩን እንዲህ ፈትሹ። ልጁ ማስኩን አድርጎ ኃይለኛ ትንፋሽ ያውጣ። እናንተ እጃችሁን በጉንጩና በአፍንጫው ጎን አድርጉ። ትንፋሹ ከተሰማችሁ ሾልኳል። መነጽር የሚያደርግ ከሆነ መነጽሩ ጉም ይለብሳል።

ማስኩ ቢገጥምም ጋዙን አያስቀርም። ማስክ አለን ብላችሁ ወደ ዋናው ጎዳና አትመለሱ። ልጁ ትንፋሽ ከበደኝ ካለ ወዲያው አውልቁለት። አስም ላለበት ልጅ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

የሚደጋገሙ ስሕተቶች

*በዓይንና በአፍንጫ መወሰን።* የሚታየው ጥቁር ጭስ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። ደቃቁ ብናኝ አይታይም፣ አፍንጫም ሽታውን ቶሎ ይለምደዋል።

*መኪና ውስጥ ማስገባት።* «መስኮቱን ዘግቼ እወስደዋለሁ» የሚለው መፍትሔ ይመስላል። መጨናነቅ ውስጥ ያለ መኪና ግን ከፊቱ ያለው መኪና የሚተፋውን በአየር ማስገቢያው ይስባል። ውስጥ ያለው ብክለት ከእግረኛው በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የግድ በመኪና ከሆነ የአየር ማስገቢያውን፣ የውጭውን ሳያስገባ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዘዋውረው ላይ አድርጉት። ጉዞው ከረዘመ አልፎ አልፎ ጭስ በሌለበት ቦታ መስኮት ክፈቱ። ደግሞ አትርሱ፤ የእናንተም መኪና ለእግረኞቹ ልጆች አንድ ጭስ ጨማሪ ነው።

*የስልክ አፕ ቁጥርን የመንገዱ ቁጥር ማድረግ።* አፑ የሚነግራችሁ የአካባቢውን አየር ነው፤ እሱም ከቅርቡ ጣቢያ ተወስዶ ወይም ተሰልቶ ነው። ከባድ ቀን መሆኑን ለማወቅ ይጠቅማል። የትኛውን ዳር ልያዝ ለሚለው ግን መልስ የለውም።

*ሻርፕ ወይም መሐረብ አፍ ላይ መጠቅለል።* ትልልቁን አቧራ ይይዛል። የመኪናን ጭስ አይይዝም።

*የኤሌክትሪክ መኪና የሚበዛበትን መንገድ ንጹሕ ማለት።* ማርሚታ የላቸውም፤ ጎማና አስፋልት ሲፋተጉ የሚረግፈው ብናኝ ግን ይቀራል።

*መሄጃውን አስተካክሎ መመለሻውን መርሳት።* ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሊዞር፣ ሰልፉም ወደ ሌላው አቅጣጫ ሊሆን ይችላል። የጠዋቱ ጥሩ ዳር የማታው መጥፎ ዳር ይሆናል። ለመመለሻውም ደረጃ 2ን እና 3ን ለብቻ ሥሩ።

*አንዴ ሠርቶ መተው።* ወቅት ሲቀየር የነፋሱ አቅጣጫ ይቀየራል። የመንገድ ሥራ ሲጀመርም ከባድ መኪኖች በእናንተ ውስጥ ለውስጥ መንገድ መሹለክ ይጀምራሉ። በየትምህርት ወቅቱ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ክሩንና ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ። ከባድ መኪና በዓምዱ ላይ ከበዛ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና ሁለተኛውን መንገድ ሞክሩ።